ቅጣቱ ማድረግ ሲችል ያላደረገውን ይያዝ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የአገሬ ልጅ ናቸው፤ ጎጃም ተወልደው ጎጃም ያደጉ። የጻፉት ወረርሽኝ ሲመጣ የጤና ደንብ የሚጥስ ሰው ምን ይደረግ በሚል ነው። መልሳቸው አጭር ነው፤ ይቀጣ፣ ጠንከር ተደርጎ ይቀጣ። «ሳይቀጡ ያሳደጉት ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ብለው ይጀምሩና አምስት ነገር ይላሉ። ሕዝባችን ቅጣት ካላየ አይሰማም። በ2012 ከኮሮና ያተረፈን የአዋጁ ቅጣት ነው። ቅጣቱ ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ሌላውም አገር ያደረገው ይህንኑ ነው። በሽታውን ወይም በሽተኛውን የደበቀ ይታሰር። በመጨረሻም ከቅጣት የሚገኘው ገንዘብ ለሚቆጣጠረው ግብረ ኃይል ማበረታቻ ይሁን።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሰው ሕይወት እንደሚያስጨንቃቸው ያስታውቃል። እኔንም ያስጨንቀኛል። አስተማሪ ነኝ። በ2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ በበጎ ፈቃድ ቆሜ የመንገደኛ እጅ ሳስታጥብ ከርሜያለሁ። ማን ሕግ እንዳከበረ፣ ማን እንደጣሰ፣ ማን እንደተቀጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁት ደግሞ ጸሐፊው ከጻፉት ጋር አልገጥም አለኝ። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ።

ከተረቱ ልነሳ። ሕዝብ ልጅ አይደለም። ልጅም ቢሆን ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ሲገረፍ የሚማረው መደበቅን ነው። ይህን በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አየዋለሁ።

የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው መጋቢት 30 ነው። በመካከሉ 26 ቀን አለ። በነዚያ ቀናት እስራትና ገንዘብ የሚል አዋጅ ገና አልነበረም። ታዲያ በኛ ከተማ ምን ሆነ? በየሱቁ በር ላይ ባለ ቧንቧ ጀሪካን ተቀመጠ። ከሥሩ ሳፋ፣ ከጎኑ በክር የታሰረ ሳሙና። የጎጃም ሰው ሰላምታ እንዴት እንደሆነ ጸሐፊው ያውቃሉ። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ፣ ቤተሰቡን ጠይቆ፣ ከብቱን ጠይቆ፣ እንደገና ይሳሳማል። ያ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከሩቅ እጅ መንሳት ጀመረ። ከባድ ነበር። ግን ጀመረው።

አንድ ቀን ከማቻከል በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ከመኪና ወረዱ። ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ከዚያ ዱላውን አወጡና መያዣውን በሳሙና ያሹት ጀመር። «አባቴ፣ ለእሱ ግድ የለም» አልኳቸው። «እንዴት ግድ የለም? ከእጄ መቼ ይለያል?» አሉኝ። በአካባቢው አንድም ፖሊስ አልነበረም። ሰውዬው የታዘዙት ቅጣት ፈርተው አይደለም፤ ነገሩ ገብቷቸው ነው። ገብቷቸውም ከእኔ በላይ አሰቡበት።

ይህ የአንድ ሽማግሌ ነገር ብቻ አይደለም። ኅዳር 12ን እናስብ። በ1911 የኅዳር በሽታ የተባለው የዓለም ጉንፋን አገራችን ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። ከዚያ ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን እናውቃለን። ደብረ ማርቆስም፣ ቡሬም፣ ሞጣም በዚያ ቀን ሰው ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ጭሱ ቫይረስ አይገድልም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን አስቡት። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሲጀመር የነበሩት ሰዎች ሁሉ አልፈዋል። ግቢውን ስላልጠረገ የሚታሰር የለም። ሰው አሁንም ይጠርጋል። እናት ለልጇ ትነግራለች፣ ልጅ መጥረጊያ ያነሳል። እዚሁ ጎጃም ሁለት ሰው ሲጣላ መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሳ ዱላ ይቆማል። ይህንን ሕዝብ «ካልተቀጣ አይሰማም» ማለት አለማወቅ ባይሆን እንኳ መርሳት ነው።

ሁለተኛው የአዋጁ ነገር ነው። ጸሐፊው «በ2012 ያተረፈን የቅጣቱ ክብደት ነው» ይላሉ።

አዋጅ ቁጥር 3/2012 ምን ይል እንደነበር እናስታውስ። ክልከላውን የጣሰ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር ቅጣት ይጠብቀዋል ይላል። በደንቡ እጅ መጨባበጥ ተከለከለ። ተሰብስቦ መቆም ተከለከለ። መኪና በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ግዴታ ሆነ። ወረርሽኝ ሲመጣ መንግሥት እንዲህ ያለ አዋጅ ማወጅ እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ ተጽፏል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። አዋጅ ያስፈልግ ነበር።

ግን ያተረፈን ቅጣቱ ነው ለማለት ከየት ተነሱ? ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ እንቅስቃሴ የተዘጋባቸው መጋቢት 22 ነው፣ ከአገር አቀፉ አዋጅ በፊት። 200 ሺህ ብር የሚል ነገር ገና አልተጻፈም። ደግሞስ ተርፈናል ስንል ማን ተርፎ ነው? በአገራችን በምርመራ ተረጋግጦ ብቻ ከ7 ሺህ 500 በላይ ሰው በኮሮና ሞቷል። ሳይመረመር አፈር የገባውን ማን ቆጠረው? የቀረነውን ያተረፈን ብዙ ነገር ነው። አብዛኛው ሕዝባችን ወጣት ነው። አብዛኛው ገጠር ነው፤ ቀኑን ደጅ ነው የሚውለው። ይህን ሁሉ ትቶ ምስጋናውን ለእስር ቤት መስጠት ልክ አይመስለኝም።

ስለ እስር ቤት ካነሳን አንድ ነገር አለ። መጋቢት 16 ቀን 2012 ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ለ4 ሺህ 11 እስረኞች ይቅርታ አደረጉ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ሰው የታጨቀበት ቦታ ለበሽታው ይመቻል፣ ስለዚህ ይቅለል። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ መሸፈኛ አላደረጋችሁም ተብለው ከሺህ በላይ ሰዎች ተያዙ። በአንዱ በር እስረኛ እናወጣለን፣ በሌላው በር ጤነኛ ሰው ሰብስበን እናስገባለን። የበሽታውን ተፈጥሮ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት ነው?

በኛም ከተማ ነበር። ጎረቤቴ ጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ የሚቸረችሩ ሴት ናቸው። መሸፈኛ ነበራቸው። ልጃቸው ከአሮጌ ሸሚዝ የሰፋችላቸው፣ ግራጫ፣ ማሰሪያው ነጭ ላስቲክ። አንድ ጆሯቸው የደከመ ደንበኛ ዋጋ ጠየቋቸው። ሴትየዋ አንድ ጊዜ መለሱ፣ አልተሰማም። ሁለተኛ መለሱ፣ አልተሰማም። መሸፈኛውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው ጮክ አሉ። በዚያች ቅጽበት ተቆጣጣሪዎቹ ደረሱ። አፈሷቸው።

ምሳ ይዤ ሄድኩ። ያሉበት ክፍል በር ክፍት ስለነበር ከደጅ ሆኜ ቆጠርኩ። 17 ሰው ነው። ክፍሏ ከእኛ ቤት ሳሎን አትበልጥም። መስኮቷ ከፍ ብላ ካርቶን ተወትፎባታል። ሁሉም የተያዙት ርቀት ባለመጠበቅና መሸፈኛ ባለማድረግ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ተቀምጠዋል። መካከላቸው አንድ ቀይ የፕላስቲክ ጆግ አለ። አንዱ ጠጥቶ ለጎኑ ያቀብላል፣ ያም ጠጥቶ ያቀብላል። ጎረቤቴ ምሳቸውን ሲቀበሉኝ «ውኃ ለብቻዬ ብታመጣልኝ» አሉኝ ቀስ ብለው። አመጣሁላቸው። እዚያው አደሩ። ያን ሌሊት ከ17ቱ አንዱ ቫይረሱ ቢኖርበት ኖሮ ጠዋት ላይ 17 ቤት ይገባ ነበር። ጉሊቱ ላይ ግን ሴትየዋ ብቻቸውን ነበሩ፤ ፀሐይና ንፋስ አለ፣ ገዢያቸው ማዶ ቆሞ ነው።

ጸሐፊው ይህን ዓይነት ነገር አላዩም ይሆናል። እኔ ግን ካየሁ በኋላ «እሰር» የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር ያ ጆግ ነው ዓይኔ ላይ የሚመጣው።

ሦስተኛው ነጥባቸው ጥሩ ይመስላል። «ቅጣቱ ለሀብታምም ለደሃም እኩል ይሁን» ይላሉ። እኩልነትን ማን ይጠላል? ነገር ግን 1 ሺህ ብር ለሁሉም 1 ሺህ ብር አይደለም። በቀን 100 ብር ለሚሸከም ወዛደር የ10 ቀን ጉልበቱ ነው። ለባለ ሆቴሉ የአንድ ጠረጴዛ ሒሳብ ነው። አንዱ በዚህ ገንዘብ ልጆቹን ያስርባል፣ ሌላው ከፍሎ ይረሳዋል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ የወንጀል ሕጋችንም ዳኛው መቀጮ ሲወስን የሰውየውን ገቢና የቤተሰብ ኃላፊነት እንዲያይ ያዛል።

ከገንዘቡ መጠን በፊት ግን አንድ ጥያቄ መምጣት አለበት። ሰውየው ማድረግ ይችል ነበር ወይ? ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ይህ ነው። እጅህን ታጠብ ተባለ፤ ውኃ አለው? በእኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ቤት ተቀመጥ ተባለ፤ የዕለት ጉርሱ ከየት ይመጣል? ርቀትህን ጠብቅ ተባለ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው የሚያድሩስ? ማድረግ የማይችለውን ሰው ብትቀጣው በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ያደርጋል። ሌላ ምርጫ የለውማ። የምትጨምርለት ነገር ድህነት ብቻ ነው።

ማድረግ እየቻለ ያላደረገውስ? እሱ ላይ ከጸሐፊው የበለጠ ጨካኝ ነኝ።

አንድ ጉዞ ልንገራችሁ። በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ተሳፈርኩ። መኪና በግማሽ ይጫን ስለተባለ ታሪፉ እጥፍ ሆኗል። ግድ የለም ብለን እጥፍ ከፈልን። ከከተማ ወጣ እንዳልን ሾፌሩ ቆመ። ሰዎች መንገድ ዳር እየጠበቁት ነበር። ባዶው ወንበር ሁሉ ሞላ። እነሱም እጥፍ ከፈሉ። ከዚያ ትርፍ ተጨመረ። አንዲት ባልቴት በእኔ ጉልበትና በፊት ለፊቱ ወንበር መካከል ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ኬላ ስንቃረብ ረዳቱ «ዝቅ በሉ! ትርፎች ዝቅ በሉ!» አለ። ባልቴቷ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ጎንበስ አሉ። ያው ተያዝን። ሁላችንም ወረድን። ተሳፋሪው ተሰልፎ ቁጣ ወረደበት፣ ወለል ላይ የነበሩት ስማቸው ተመዘገበ። ሾፌሩ ደግሞ ከመኪናው ኋላ ሄዶ ትንሽ ተነጋገረና ተመለሰ። ጉዞው ቀጠለ።

እዚያ መኪና ውስጥ ሕጉን ማክበር የሚችል ማን ነበር? ባልቴቷ? መኪና ከአሁን አሁን ይመጣል ብለው ግማሽ ቀን የቆሙ ሴት? ወይስ ለግማሽ ጭነት እጥፍ ዋጋ ተቀብሎ ሙሉ የጫነው? የ200 ሺሁ ብር ቅጣት ለዚያ ሰውና ለመኪናው ባለቤት ቢሆን ኖሮ አጨበጭብ ነበር።

እዚያው ደንብ ላይ ሌላም ነገር ነበር። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ተከልክሏል። አሠሪም ሠራተኛ እንዳያሰናብት ተከልክሏል። እነዚህ አንቀጾች ከመሸፈኛው አንቀጽ እኩል የወረርሽኝ መከላከያ ናቸው። ከቤቱ የወጣ ሰው ዘመድ ቤት ሄዶ ይደረባል፣ በሽታውም አብሮት ይሄዳል። በሰፈሬ ኪራይ ጨምረህ ተብሎ የተጠየቀ አከራይ ግን አላየሁም። የታፈሰ ጉሊት ቸርቻሪ አይቻለሁ። የታፈሰ የቀን ሠራተኛም አይቻለሁ። ጸሐፊው እኩልነት ካሉ ከዚህ ቢጀምሩልኝ ደስ ይለኝ ነበር። የውሸት የምርመራ ወረቀት የሚሸጠውንም ይጨምሩበት። እሱ አውቆ፣ ለገንዘብ፣ በሰው ሕይወት ይነግዳል። እሱ ይታሰር፤ አንድ ቃል አልቃወምም።

«ሌላው አገርም ቀጥቷል» ላሉት አዎ፣ ቀጥቷል። ግን ማንን እንደቀጣ እንይ። ኖርዌይ ውስጥ የዚያን ጊዜዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርና ሶልበርግ ለ60ኛ ዓመት ልደታቸው የቤተሰብ ግብዣ አዘጋጁ። የተፈቀደው 10 ሰው ነበር፣ የተሰበሰበው ቤተሰብ ግን 13 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፖሊስ 20 ሺህ ክሮነር ቀጣቸው። እንዲህ ያለው ጉዳይ በተራ ሰው ላይ ቢሆን በአብዛኛው በገንዘብ እንደማይቀጣ ፖሊሱ ራሱ ተናግሯል። እሳቸውን የቀጣው ሕጉን ሲያስተዋውቁ የነበሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሕዝቡ በሕጉ ላይ ያለው እምነት እንዳይሸረሸር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሯም ይቅርታ ጠየቁ። እንዲህ ያለው ቅጣት ይገባኛል። በሌላ በኩል ኬንያ አለች። መጋቢት 2012 ላይ የሰዓት እላፊ ለማስከበር የወጣ ፖሊስ በተኮሰው ጥይት የ13 ዓመት ልጅ ናይሮቢ ውስጥ በቤቱ በረንዳ ላይ እንዳለ ተመትቶ ሞተ። ልጁ ከቤቱ አልወጣም ነበር። ሁለቱም «ሌላ አገር» ናቸው። ጸሐፊው የትኛውን እንድንከተል ነው የሚፈልጉት?

አሁን ከባዱ ነጥብ ላይ ደረስን። «በሽታውን የደበቀ፣ በሽተኛም የደበቀ ይታሰር» ይላሉ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስህተቱ ሰው የሚገድለው እዚህ ነው።

አውቆ፣ ሆን ብሎ በሽታ ለሚያስተላልፍ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 514 አለው፤ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ያ ይቅር የሚል የለም። የሚደብቅ ሰው ግን ሌላ ነው። የሚደብቅ ሰው ፈርቶ ነው የሚደብቀው። ስለዚህ ፍርሃቱን ስትጨምርበት ይበልጥ ይደብቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን አድገናል። ተረቱ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ለምን ደበቀ?

እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲፈጅ ሴራሊዮን የኢቦላ በሽተኛ የደበቀ እስከ 2 ዓመት ይታሰራል የሚል ሕግ አወጣች። ላይቤሪያ ደግሞ ሞንሮቪያ ውስጥ ዌስት ፖይንት የሚባለውን የድሆች ሰፈር በወታደርና በሽቦ አጠረች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ውስጥ ቀረ። ምግብ ተወደደ፣ ሰው ተነሳ፣ ተተኮሰ፣ አንድ ታዳጊ ቆስሎ ሞተ። ለ21 ቀን የታሰበው አጥር በ10 ቀን ፈረሰ። ወረርሽኙ መሸነፍ የጀመረው የመንደር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና ወጣቶች ሥራውን ራሳቸው ሲይዙት ነው። ቀብሩ ክብር ያለው ሲሆን፣ የታመመውን ዘመዳቸውን ማየት ሲችሉ፣ ሰዎች በሽተኞቻቸውን ማውጣት ጀመሩ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ሰኔ 2012 ነው። ከደብረ ማርቆስ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ የዘመዶቼ ቀበሌ አለ። ከዚያ አንድ ልጅ ለጉልበት ሥራ ወደ መተማ ሄዶ፣ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ከርሞ ተመለሰ። በሌሊት ገባ። እናቱ አስገብታ በሩን ዘጋች። ሲነጋ ወሬው ወጣ። የቀበሌው ሰዎች ከሚሊሻ ጋር መጡና ከደጅ ቆመው ጮኹ። ልጁ ካልወጣ እሱም እሷም እንደሚታሰሩ፣ መቀጮም እንደሚከፍሉ ነገሯት። ልጁ በጓሮ በኩል ወጥቶ ጠፋ። የመጀመሪያውን ሌሊት አክስቱ ቤት አደረ። ሁለተኛውን ጓደኛው ቤት። ሦስተኛውን የት እንዳደረ እስከ ዛሬ በትክክል አልተነገረኝም። እንግዲህ ቁጠሩ፤ ዛቻው ባይኖር አንድ ቤት ነበር የሚያሰጋው። በዛቻው ቢያንስ ሦስት ቤት ሆነ።

በአራተኛው ቀን የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ብቻዋን መጣች። ወጣት ናት፣ ላስቲክ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው። ሚሊሻ አልያዘችም። የእናትየዋን የንስሐ አባት ይዛ ነው የመጣችው። እኔም እዚያ ነበርኩ። ከዛፍ ሥር ራቅ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ልጅቷ ስለ ቅጣት አንድ ቃል አላነሳችም። «እማማ፣ ምን ፈሩ?» ነው ያለችው። ሴትየዋ መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ሁለት ነገር ተናገሩ። «ማቆያ ያስገቡታል፣ ከሞተም ሬሳውን አይሰጡኝም። መቀጮውን ደግሞ ከየት አባቴ አመጣለሁ? በሬዬን ይሸጡብኛል» አሉ። ያ በሬ አንድ ለእናቱ ነው። ሰኔ ነው፤ የሚታረስበት ወር ነው።

ቄሱ ልጁ እንደማይታሰር ቃል ገቡ። ልጅቷ በሽታው ምን እንደሆነ፣ 14 ቀን ለምን እንደተባለ በእጇ ጣት እየቆጠረች አስረዳች። የዚያኑ ዕለት ማታ ልጁ መጣ። የት ይቀመጥ ሲባል የጓሮው የበቆሎ ማማ ታሰበ። ባለፈው ዓመት ጦጣ ይጠበቅባት የነበረች፣ ከላይ ጎጆ ያላት ማማ ናት። ሣሯን አድሰው ክረምቱን እንድትችል አደረጓት። እናትየዋ ጠዋትና ማታ እንጀራውን በሞሰብ አድርገው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጣሉ። ወደ ኋላ ሄደው ይቆማሉ። ልጁ ከማማው ይወርዳል፣ ይበላል፣ እናትና ልጅ ከሩቅ ያወራሉ። ማሳቸውን መንደሩ በደቦ አረሰላቸው። ኤክስቴንሽኗ በየሁለት ቀኑ እየመጣች ከሥር ሆና «ትኩሳት አለህ? ያስልሃል?» ትለዋለች። 14 ቀኑ አለቀ። አላመመውም። ቢያመው ኖሮ ግን በመጀመሪያው ቀን የምታውቀው እሷ ነበረች። አክስቱና ጓደኛውም ያደረበትን ነግረው ለየብቻ ተቀመጡ፤ ማንም ሳይጎትታቸው።

ወንድሜ፣ እርስዎ በሚሉት ሕግ ያቺ እናት ወንጀለኛ ናት። ልጇን ደብቃለችና 2 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ትገባለች። እርስዎን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። እናትየዋ በመጀመሪያው ቀን ታስራ ቢሆን፣ በሁለተኛው ወር ከጎንደር በኩል ሌላ ልጅ ለመጣባት ለሌላዋ እናት ምን ትምህርት ይሆን ነበር? ልጇን የምታወጣ ይመስልዎታል? እኔ አይመስለኝም። ጉድጓዱን አርቃ ነው የምትቆፍርለት።

የመጨረሻው ነጥብ የገንዘቡ ነው። ጸሐፊው በሁለት መስመር ነው ያለፉት፤ እኔ ግን ከሁሉ የፈራሁት እሱን ነው። የቅጣቱ ገንዘብ ለግብረ ኃይሉ ማበረታቻ ይሁን ይላሉ። አስቡት። የሚቆጣጠረው ሰው ደመወዙ የሚጨምረው ብዙ ሰው ሲያጠፋ ነው ማለት ነው። ውኃ ያጣ ሰፈር ለእሱ ገበያ ይሆናል። ሕጉ ሲከበር ይከስራል፣ ሲጣስ ያተርፋል። መሸፈኛ የሌላትን ሴት አይቶ መሸፈኛ ከመስጠት ይልቅ ደረሰኝ ማውጣት ይቀለዋል፤ ደረሰኝ ካወጣ ማለቴ ነው። ቅጣት የግድ ከተቀጣ ገንዘቡ በደረሰኝ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ይግባ። ከዚያ በጀት ሆኖ ሳሙናና ቧንቧ ይሁን፣ ማቆያ ለገባ ሰው ቀለብ ይሁን። የያዘውና የሚቀጣው፣ የሚቀጣውና ገንዘቡን የሚበላው አንድ ሰው መሆን የለበትም።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። ጎረቤቴ በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተፈቱ። አብረን ወደ ቤት ስንሄድ ሽንኩርታቸው የት እንደደረሰ ጠየቁኝ። ሌላዋ ቸርቻሪ ሰብስባ አስቀምጣላቸው ነበር፤ ግማሹ ዝናብ መትቶታል። ስንት ከፈሉ አልኳቸው። «ሁለት መቶ» አሉ። ፍርድ ቤት አልቀረቡም። አዋጁ ላይ ያለው ትንሹ መቀጮ 1 ሺህ ብር ነው፤ 200 ብር የሚል አንቀጽ የለም። ደረሰኙን ያሳዩኝ አልኳቸው። መቀነታቸውን ፈተሹ፣ ኪሳቸውን ፈተሹ። ከዚያ ቀና ብለው «ኧረ ምንም ወረቀት አልሰጡኝም» አሉኝ።